ከመድኃኒት እደላው ጎን የትሉ ዘረመል ይጠና

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በትምህርት ቤቶች ስለሚካሄደው የፀረ ትላትል መድኃኒት እደላ በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ዘገባዎች በትኩረት እከታተላለሁ። ስንት ሕፃናት ክኒኑን እንደ ዋጡና ስንት ወረዳዎች እንደ ተዳረሱ በጥንቃቄ ትነግሩናላችሁ፤ ለዚህም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ነገር ግን ስለ ትሉ ራሱ የሚነሣ ጥያቄ ከዘገባዎቹ ውስጥ አላገኘሁም። መድኃኒቱ በትሉ አካል ውስጥ ምንን መትቶ ይገድለዋል? ያ የሚመታው ነገር በአገራችን ውኃዎች ውስጥ በሚራቡት ትሎች ሁሉ ዘንድ አንድ ዓይነት ነውን? ትሉ ቢለወጥ በምን እናውቃለን? እነዚህ ጥያቄዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መልስ አልነበራቸውም። ዛሬ ግን የጥገኛ ትላትልን ጂኖችና ኢንዛይሞች (በሰውነት ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጦችን የሚያካሂዱ ፕሮቲኖች) በሞለኪውል ደረጃ የሚመረምሩ ዘዴዎች ብዙውን መልሰዋል፤ መልሶቹም በቀጥታ እኛን ይመለከታሉ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚሁ ሙያ ውስጥ ያለሁ መምህር እንደ መሆኔ፣ በየእደላ ዘመቻው የትሉ ናሙና እንዲቀመጥና ዘረመሉ በአገር ውስጥ እንዲነበብ ለማሳሰብ ነው። (በደብዳቤዬ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ጨብጦ ለማስረዳት ብልሃርዝያን ልውሰድ። ሺስቶሶማ ማንሶኒ የሚባለው የአንጀት ብልሃርዝያ ትል በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በዝዋይ፣ በከሚሴ፣ በአድዋና በሌሎችም በርካታ አካባቢዎች ይገኛል፤ የሽንት ቧንቧን የሚያጠቃው ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም ደግሞ በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ሸለቆዎችና በሌሎች ጥቂት ቆላማ ቦታዎች ተወስኖ ይኖራል። እንቁላሉ ከሰው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ የሚወጣው እጭ (ገና ያላደገው ትል) ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ በብዙ ሺህ ይባዛል፤ ከዚያም ወጥቶ ውኃው ውስጥ የሚዋኝን፣ ልብስ የሚያጥብን ወይም ከብት የሚያጠጣን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ያደጉት ትሎች ወንድና ሴት ተጣምረው በደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ። ይህን ሁሉ አንባቢዎቻችሁ ከትምህርት ቤት ያውቁት ይሆናል። ብዙዎች የማያውቁት ግን ለዚህ በሽታ በዓለም ዙሪያ በጅምላ የሚታደለው መድኃኒት አንድ ብቻ፣ ማለትም ፕራዚኳንቴል መሆኑን ነው። የጀርመኑ መርክ ኩባንያ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በየዓመቱ እስከ 250 ሚሊዮን ክኒን በነፃ ይሰጣል፤ የአገራችን ሕፃናትም የሚታከሙት በዚሁ መድኃኒት ነው። አንድ መድኃኒት ብቻ ባለበት ትሉ ያንን ቢላመድ ዞር ብለን የምናነሣው ሌላ የለንም።

ከፕራዚኳንቴል በፊት ግን ሌላ መድኃኒት ነበረ፤ ኦክሳምኒኩዊን ይባላል። የእርሱን ታሪክ ረዘም አድርጌ ብናገር አዘጋጆቹ እንደሚታገሡኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ምክንያቱም የአንድ ትል አንድ ኢንዛይም እንዴት እንደሚገኝ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም። ኦክሳምኒኩዊን ከ1970ዎቹ ጀምሮ በብራዚል በስፋት ተሰጥቶ ብዙ ሰው አድኗል። ሆኖም በዚያው ዘመን መድኃኒቱ የማይነካቸው ትሎች በጥቂት ሕሙማን ላይ ታዩ። መድኃኒቱ ሺስቶሶማ ማንሶኒን ሲገድል ሺስቶሶማ ሄማቶቢየምን የማይገድልበት ምክንያትም እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። በ1992 ዶናቶ ቺዮሊ የተባሉ የጣሊያን ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው መድኃኒቱ የሚገድለውን ትል ከማይገድለው ጋር አዳቅለው፣ መድኃኒት መቋቋም በአንድ ጂን የሚወሰንና ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ብቻ የሚገለጥ ባሕርይ መሆኑን አሳዩ። ከዚህ በመነሣትም መድኃኒቱ ራሱ ገዳይ አለመሆኑን፣ በትሉ ሰውነት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም መድኃኒቱን ለውጦ ገዳይ እንደሚያደርገው፣ የሚቋቋሙት ትሎችም የጎደላቸው ይኸው ኢንዛይም እንደሆነ ገመቱ። ኢንዛይሙ የትኛው እንደሆነና ጂኑ በትሉ ዘረመል ውስጥ የት ቦታ እንዳለ ግን ለማወቅ ሃያ አንድ ዓመት ፈጀ።

መልሱ የተገኘው በ2013 ሲሆን የመጣበት መንገድ የሥራውን ጠባይ በግልጽ ያሳያል። አንድ ቀንድ አውጣ በአንድ እጭ ብቻ ቢበከል ከእርሱ የሚወጡት በሺህ የሚቆጠሩ እጮች ሁሉ አንድ ዓይነት ዘረመልና አንድ ጾታ ያላቸው ስለሆኑ፣ ተመራማሪዎች የፈለጉትን ወንድ ከፈለጉት ሴት ጋር ለማዳቀል ይችላሉ። በቴክሳስ የሚገኙ ሳይንቲስቶች ከጣሊያኖቹ ጋር ሆነው መድኃኒቱ የሚገድለውንና የማይገድለውን ትል አዳቀሉ፤ የልጅ ልጆቹንም ለመድኃኒቱ አጋለጡ። ከዚያም በሕይወት የተረፉት ሁሉ በጋራ የያዙት የዘረመል ክፍል የትኛው እንደሆነ ሲፈልጉ በስድስተኛው ክሮሞሶም (ጂኖች ተደርድረው በሚገኙበት ክር) ላይ አንድ ጠባብ ቦታ አገኙ። በዚያ ቦታ ካሉት ጥቂት ጂኖች መካከል አንዱ ሰልፎትራንስፈሬዝ ለሚባል ኢንዛይም የሚሆን መመሪያ የያዘ ነበር። በሚቋቋመው ትል ዘንድ ከዚህ ኢንዛይም 142ኛ ቦታ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ጡቦች አንዱ፣ ጎድሎ ተገኘ፤ ኢንዛይሙን ሥራ ለማስፈታት ይህ አንድ ጉድለት በቂ ነበር።

ተመራማሪዎቹ በዚህ ቢያቆሙ ኖሮ ግኝቱ ጥርጣሬ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። እነርሱ ግን መድኃኒቱ በሚገድለው ትል ውስጥ ያንን ጂን ባለ ድርብ ፈትል አር.ኤን.ኤ በሚባል ሞለኪውል ዝም አሰኙት፣ ማለትም ሥራውን አስቆሙት፤ ትሉም መድኃኒቱን የሚቋቋም ሆነ። በተቃራኒውም ጤነኛውን ኢንዛይም በባክቴሪያ ውስጥ አምርተው ከሚቋቋመው ትል በተወሰደ ጭማቂ ላይ ቢጨምሩት መድኃኒቱ እንደገና መሥራት ጀመረ። በመጨረሻም የኢንዛይሙን ቅርጽ በኤክስሬይ አንብበው መድኃኒቱ በየትኛው ጉድጓዱ ውስጥ እንደሚገባ አዩ፤ የሄማቶቢየም ተመሳሳይ ኢንዛይም ጥቂት አሚኖ አሲዶች ስለሚለዩት መድኃኒቱን በሚገባ እንደማይለውጠውም ተረዱ። ስለ አንድ ጂን «ይህ ነው» ለማለት ምን ያህል ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁልጊዜ የማነሣው ይህንን ሥራ ነው።

ወደ እኛ የሚያቀርበው ደግሞ ቀጥሎ የሆነው ነው። ጂኑ ከታወቀ በኋላ ከብራዚል፣ ከኦማን፣ ከሴኔጋል፣ ከኒጀርና ከታንዛኒያ በተሰበሰቡ ትሎች ላይ ይኸው ጂን ተነበበ። በ2019 የታተመው ውጤት እንዳመለከተው ኢንዛይሙን የሚያበላሹት ለውጦች መድኃኒቱ በስፋት ባልተሰጠባቸው የአፍሪካ አገሮች ጭምር ነበሩ፤ ከመድኃኒቱ መምጣት በፊትም ሲወርዱ ሲዋረዱ የኖሩ ናቸው። መድኃኒት መቋቋም ማለት የግድ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ አዲስ የሚፈጠር ነገር አይደለም፤ አስቀድሞ በጥቂት ትሎች ውስጥ ተኝቶ ሊቆይና መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲያጸዳለት ሊበዛ ይችላል። በዚያ ጥናት ውስጥ ከኢትዮጵያ የተወሰደ ናሙና አልነበረም። የጣና ዳር ትል፣ የዝዋይ ትል፣ የአድዋ ትል ምን እንደ ተሸከመ ከሴኔጋል ናሙና ተነሥቶ መናገር አይቻልም።

ፕራዚኳንቴልን በተመለከተም ያለንበት ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይለይም። መድኃኒቱ በ1970ዎቹ ከተገኘ ጀምሮ ትሉን እንዴት እንደሚገድለው ሳይታወቅ አርባ ዓመት ገደማ አልፏል። የሚታየው ነገር ግልጽ ነበር፤ ትሉ መድኃኒቱ ሲነካው ጡንቻው ይኮማተራል፣ ቆዳው ይጎዳል፣ ካልሲየም ወደ ሴሎቹ ይጎርፋል። ካልሲየሙ የሚገባበት በር የትኛው እንደሆነ ግን አልታወቀም። በ2019 ነበር በአሜሪካ ዊስኮንሲን የሚገኙ ተመራማሪዎች ከትሉ ዘረመል ውስጥ ቲ.አር.ፒ.ኤም ከሚባለው የፕሮቲን ቤተሰብ የሆነ አንድ የካልሲየም በር ለይተው፣ ፕራዚኳንቴል ይህንኑ በር እንደሚከፍት ያሳዩት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ የቴክሳሱ ቡድን ከሌላ አቅጣጫ ወደዚያው ደረሰ፤ መድኃኒቱን በመቋቋም የሚለያዩ ትሎችን ዘረመል ሲያነጻጽር ልዩነቱ በሦስተኛው ክሮሞሶም ላይ፣ ያው በር በሚገኝበት ስፍራ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ቡድኖች በተለያየ ዘዴ ተነሥተው አንድ ጂን ላይ መገናኘታቸው በዚህ ሙያ ውስጥ ትልቅ ማረጋገጫ ነው።

ያው ቡድን ከአፍሪካ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከደቡብ አሜሪካ የመጡ 259 ትሎችን ጂን አንብቦ በሩን ፈጽሞ የሚያሰናክል ለውጥ በአንድ ትል ላይ ብቻ አገኘ። ይህ መልካም ዜና ነው፤ መድኃኒቱ ዛሬም እየሠራ መሆኑን ይነግረናልና። ነገር ግን የምሥራች ሆኖ የሚቆየው የሚከታተለው ሰው እስካለ ድረስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ በሽታው ከመቶ አሥርና ከዚያ በላይ በሆነበት ማኅበረሰብ ውስጥ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት ጀምሮ ያሉ ሁሉ መድኃኒቱን በየዓመቱ እንዲወስዱ መክሯል። እኔም ምክሩን እደግፋለሁ። ሆኖም የሚታከመው ሰው በበዛ መጠን ትሉ ላይ የሚያርፈው ጫናም ይበዛል፤ መድኃኒቱ ሳይደርስበት ቀርቶ ያልተላመደውን ዘር የሚያቆይ ትልም ያንጊዜ ያነሰ ይሆናል። ያመለጠው ጥቂት ትል የሚቀጥለው ትውልድ ሁሉ አባት እንዳይሆን መጠበቅ የሚቻለው ዘረመሉን እያነበቡ ብቻ ነው። በማይክሮስኮፕ እንቁላል መቁጠር ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ እንቁላሉን የጣለችው ትል በሩ የተሰናከለ መሆን አለመሆኑን ግን አያሳይም።

ይህ ሥራ ለጥበቃ ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ አዲስ መድኃኒትም የሚፈለገው በዚሁ መንገድ ነው። የሺስቶሶማ ማንሶኒ ሙሉ ዘረመል በ2009 ሲታተም ቢያንስ 11,809 ጂኖች ተቆጥረውበት ነበር፤ ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ተስተካክሏል። ከእነዚህ ውስጥ ትሉ ያለ እርሱ መኖር የማይችለው፣ በሰው ዘንድ ግን የሌለ ወይም በእጅጉ የተለየ የትኛው ነው? በ2020 በዳላስ የሚገኙ ተመራማሪዎች 2,216 ጂኖችን አንድ በአንድ ዝም እያሰኙ ትሉ የሚሆነውን ተመልክተው 261 የሚሆኑት ለጡንቻው፣ ለአካሉ ደኅንነት ወይም ለሕይወቱ አስፈላጊ መሆናቸውን አሳይተዋል። በዚህ ረገድ እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ታዮሬዶክሲን ግሉታታዮን ሬዳክቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው። በሰው ሴል ውስጥ ኦክስጅን ነክ መርዞችን ለማርከስ ሁለት የተለያዩ ኢንዛይሞች ሥራ ተከፋፍለው ይሠራሉ፤ ብልሃርዝያ ግን ሁለቱንም ሥራ በአንድ በተጣመረ ኢንዛይም ላይ ጥሎታል። ለዓመታት በደም ውስጥ፣ በሰውነት መከላከያ ሴሎች ጥቃት መካከል ለሚኖር ፍጡር ይህ ኢንዛይም ከታገደ መትረፊያ የለውም፤ በ2007ና በ2008 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩትም ኢንዛይሙ ሲሰናከል ትሉ በቀናት ውስጥ ይሞታል። የሰውን ኢንዛይም ሳይነኩ የትሉን ብቻ የሚመታ ኬሚካል መፈለግ ዛሬም የቀጠለ ሥራ ነው።

በግና ፍየል አርቢ የሆኑ አንባቢዎቻችሁም ከዚህ የሚደርሳቸው አለ። የጉበት ትል የሆነው ፋሺዮላ ከብልሃርዝያ ጋር ዘመድ ሆኖ ሳለ ፕራዚኳንቴል የማይገድለው በዚያው የካልሲየም በር ላይ መድኃኒቱ በሚያርፍበት ቦታ አንድ አሚኖ አሲድ ስለሚለይ ነው። በበጎች ጨጓራ ውስጥ ደም የሚመጠው ሄሞንከስ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። አልቤንዳዞልና መሰሎቹ በእንስሳት ላይ ለረጅም ዘመን ያለ ክትትል ሲሰጡ ቆይተው በብዙ አገሮች ይህንን ትል መግደል አቅቷቸዋል፤ ምክንያቱም ቱቡሊን በሚባለው ፕሮቲን 200ኛ ቦታ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ በሌላ መተካቱ እንደሆነ ከ1994 ጀምሮ ይታወቃል። አልቤንዳዞል ለልጆቻችንም ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል የምንሰጠው መድኃኒት ነው።

የጂን ግኝት ሁሉ መድኃኒት ወይም ክትባት ይሆናል የሚል ተስፋ ማብዛት እንደማይገባም በግልጽ መናገር አለብኝ። ከሄሞንከስ አንጀት የወጡ ኢንዛይሞች በስኮትላንድ የሞርዱን ተቋም ለረጅም ጊዜ ተጠንተው በ2014 በአውስትራሊያ ለበጎች የሚሰጥ ክትባት ሆነዋል። ክትባቱ ግን የሚዘጋጀው እስከ ዛሬ ከትሉ ከራሱ በሚጣራ ፕሮቲን ነው። ጂኑን ወስደው ፕሮቲኑን በሌላ ሕይወት ባለው ነገር ውስጥ ሲያመርቱት ያው ጥበቃ አልተገኘም፤ የፕሮቲኑ አጣጠፍና በላዩ ያለው የስኳር ልባስ እንደ ትሉ ስለማይሆን ነው ተብሎ ይታሰባል። ጂኑን ማወቅ የመንገዱ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው።

«ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት ሳይዳረስ ስለ ጂን ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ክርክራቸውን አከብራለሁ። አንድ ሕፃን ነገ ጠዋት በብልሃርዝያ እንዳይያዝ ከጂን ንባብ ይልቅ መጸዳጃ ቤት ይጠቅመዋል፤ በዚህ ላይ ልዩነት የለንም። ነገር ግን እደላው አሁንም እየተካሄደ ነው፤ የሕክምና ቡድኖች ወደ ትምህርት ቤቶች እየሄዱ ነው፤ በብዙ ቦታም የሰገራ ናሙና እየተወሰደ ነው። ያ ናሙና ከተቆጠረ በኋላ ይጣላል። እኔ የምጠይቀው ከሚጣለው ላይ ጥቂቱ እንዲቀመጥ ነው። በንጹሕ ውኃ ውስጥ እንቁላሉ ብርሃን ሲያገኝ በአጭር ጊዜ ይፈለፈላል፤ የሚወጣው እጭ አንድ በአንድ ኤፍ.ቲ.ኤ በሚባለው ወረቀት ላይ ቢንጠባጠብ ወረቀቱ ዲ.ኤን.ኤውን ያለ ማቀዝቀዣ፣ ያለ ኤሌክትሪክ ለዓመታት ይጠብቃል። ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ በዚህ መልክ ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የተሰበሰበ የብልሃርዝያ ናሙና ክምችት አለ፤ ቴክሳስ ያሉት ተመራማሪዎችም ከአንዲት እጭ ላይ የጂኖቹን ንባብ ለማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። እንዲህ ያለ ክምችት በአገራችንም እንዲኖር የሚከለክል አንዳችም ቴክኒካዊ ምክንያት የለም።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ቤትም አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ያንን በጥናት ያረጋገጡ፣ በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉ ሰው ናቸው። ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ሲሆን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ትላትልን ያጠናል። እርሳቸው በዚህ አገር ወንዝ ላይ የታየ ነገር በዚህ አገር ተጠንቶ ለዓለም ሊተርፍ እንደሚችል አሳይተዋል። በየክልሉ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎችም ዛሬ ፒ.ሲ.አር (ዲ.ኤን.ኤን አባዝቶ የሚመረምር ዘዴ) የሚሠሩ ቤተ ሙከራዎች አሏቸው፤ ከኮቪድ በኋላ ይህ አቅም ሰፍቷል።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ሦስት ነገሮችን እንዲያስቡባቸው እለምናለሁ። አንደኛ፣ ጤና ሚኒስቴር በየእደላው ከተመረጡ ጥቂት ትምህርት ቤቶች፣ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊትና ከተሰጠ ከሳምንታት በኋላ፣ የእጭ ናሙና በወረቀት ተይዞ እንዲቀመጥ ቢያዝዝ፤ በተለይም ከሕክምና በኋላ እንቁላል መጣሉን ካላቆሙት ልጆች። በዚህ ረገድ በዝንጀሮና በጦጣ ላይ የሚገኘው ሺስቶሶማ ማንሶኒ ከሰው ትል ጋር አንድ መሆን አለመሆኑም ቢነበብ መልካም ነው፤ በአገራችን በእነዚህ እንስሳት ላይ መገኘቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ተመዝግቧልና፣ መድኃኒት የማይደርሰው መጠለያ ይሆን እንደሆነ ማወቅ ይገባናል። ሁለተኛ፣ ለምርምር የሚገቡ ኬሚካሎች በጉምሩክ የሚቆዩበት ጊዜ ይጠር፤ ለዘረመል ሥራ የሚያስፈልጉ ኢንዛይሞች በቅዝቃዜ ካልተያዙ ይበላሻሉ፣ በመጋዘን ከርመው ሲወጡም ዋጋ አይኖራቸውም። ሦስተኛ፣ ናሙና ወደ ውጭ አገር ቤተ ሙከራ ሲላክ ከናሙናው ጋር ተማሪም ይሂድ፤ ንባቡን የሚተነትነው፣ ከኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጠውና ውጤቱን የሚጽፈው የእኛው ልጅ ይሁን። ዘረመል ማንበብ ከዓመት ወደ ዓመት ርካሽ እየሆነ መጥቷል፤ የጎደለን የተነበበውን የሚተረጉም ሰው ነው፣ እርሱም የሚገኘው በሥልጠና ነው።

ጋዜጣችሁን በተመለከተ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለሚቀጥለው የእደላ ዘመቻ ስትዘግቡ ስንት ልጆች ክኒኑን እንደ ወሰዱ ከጠየቃችሁ በኋላ፣ ከወሰዱት መካከል እንቁላል መጣል ያላቆሙት ስንት እንደሆኑ፣ ከእነርሱም የተወሰደው ናሙና የት እንደ ተቀመጠ ኃላፊዎቹን ብትጠይቁልን ለእኛ ለመምህራኑም ለወላጆችም ትልቅ ውለታ ትውሉልናላችሁ። መልሱን ባተማችሁበት ቀን ከተማሪዎቼ ጋር ተቀምጠን እናነበዋለን፣ ይህን ጉዳይ የሚመለከት የሙያ እርዳታ ቢያስፈልጋችሁም በደስታ እንሰጣለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጥገኛ ተሕዋስያን ትምህርት መምህር፣
ከባሕር ዳር